ከሰሊጥ ዋጋው ጀርባ

አያ ጌጡ የሞተ ዕለት ሁለት መቃብር ተቆፈረለት። አንዱን ያስቆፈረው ሐጂ ሰይድ ነው፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ እኔና አያ ጌጡ የምንሠራበት የጽሕፈት ሱቅ፣ የመክተባው ባለቤት። ሌላውን ያስቆፈረው አያ ታከለ ነው፤ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱት የጎንደር ሰዎች የእድር ሰብሳቢ። ሐጂ በእስላሙ መቃብር፣ አያ ታከለ በክርስቲያኑ። ቆፋሪ ሲልኩ አንዱ ሌላውን አልጠየቀም፤ የሚጠየቅ ነገር አለ ብለው መች አሰቡና። ሐጂ፣ ጌጡ እስላም ነው ብሎ ያውቃል። አያ ታከለ፣ ጌጡ ክርስቲያን ነው ብሎ ያውቃል።

ቃሬዛ የያዙትና ሳጥን የያዙት ሰዎች የመክተባው በር ላይ ተገናኙ። መጀመሪያ ቤት የተሳሳቱ መስሏቸው ይቅርታ ተጠያየቁ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«ብርቄ፣ አጠገቡ ስትሠሪ የኖርሽው አንች ነሽ» አለኝ አያ ታከለ። «ንገሪያቸው እንጂ።»

«አዎ፣ ንገሪያቸው» አለ ሐጂም።

እኔ ነገር ካልጠራልኝ ያመኛል። ሻይ እንኳ ስኳሩ ሟሙቶ ካላለቀ አልቀምስም። ባለቤቴ «ካንች ጋር መኖር ፍርድ ቤት ቆሞ እንደመዋል ነው» ይለኛል። ይህን የምነግራችሁ፣ እንዲህ ያለች ሴት ስንት ዘመን አጠገቡ የተቀመጠችበትን ሰው ሃይማኖት አላውቅም ብላ መናገር እንዴት እንደሚከብዳት እንድታዩልኝ ነው። ግራ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው።

መክተባው ከፊት ለፊት ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ ካርድ ይሸጥበታል። ከውስጥ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ማመልከቻ የሚጻፈው፣ የሚታተመው፣ ወደ ውጭ የሚላከው እዚያ ነው። ከካርቱም ጦርነት ያፈናቀለው ይመጣል። ከቱነይድባ ካምፕ ስደተኛው ይመጣል። ከባሱንዳና ከመፋዛ እርሻ የቀን ሠራተኛው ይመጣል። ሁሉም በእጁ ፌስታል፣ በፌስታሉ ወረቀት፣ በሆዱ ደግሞ በወረቀቱ ላይ ሊጻፍ የሚፈልገው ነገር አለው። እኔም እንደዚያው ለራሴ ጉዳይ ገብቼ ሥራ ይዤ የቀረሁ ነኝ።

አያ ጌጡ ረጅም ነበር። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ስለሚል ሁልጊዜ በጎኑ ነው የሚቀመጠው። አንገቱ ላይ ክረምት ከበጋ የማይፈታው ግራጫ ሻል አለ። የመክተባው ብረት በር እጅ በሚያቃጥልበት ወር እንኳ አይፈታውም። «አያ፣ አይሞቅህም?» ስለው «ጉሮሮዬን ይበርደዋል» ይለኛል። ጠዋት ሲመጣ የኪቦርዱን አቧራ እፍ ይልና ያስነጥሰዋል። ካስነጠሰ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» አልኩት። በዕድሜ አባቴ ባይሆን የታላቆቼ ታላቅ ነው።

«አንተ በይኝ» አለ።

«ኧረ ነውር ነው!»

«አንቱታ ሲተየብ ይረዝማል። እኛ ደግሞ ሶላሩ ሳይደክም መጨረስ አለብን።»

ይቀልድ አይቀልድ አልገባኝም፤ ፊቱ አይናገርም። አንተ ማለት ጀመርኩ።

የዚያኑ ዕለት ማውስ ፈልጌ አጣሁ። በሱም ኮምፒውተር በኔም የለም። ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆልፎባቸዋል።

«ያለ ማውስ እንዴት አድርጌ ነው የምሠራው?»

«በእጅሽ።»

«ማውሱስ በእጅ አይደል እንዴ የሚያዘው?»

«የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ማውስ ስይዝ ቀስቷ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። አንች ተምረሽ ፊቴ ስትነጂያት ከማይ ሁለታችንም ብንተዋት ይሻላል።»

እጁ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ስጠይቀው ወባ ነው አለኝ። ሌላ ቀን ለአንድ ደንበኛ ሲያወራ ስሰማ፣ በወጣትነቱ መፋዛ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር መብረቅ መትቶት ነው። ለሐጂ ደግሞ የሰሊጥ ጆንያ ሲሸከም ጅማቱ ዞሮ ነው ብሎታል። እሺ፣ ሰው በሽታውን ያሳምራል ብዬ ተውኩት። አንድ ከሰዓት ግን የተተረተረ እጅጌውን ሊሰፋ መርፌ አውጥቶ ክሩን ሲያስገባ አየሁት። በመጀመሪያው ሙከራ አስገባው። እኔ ዓይኔ ደህና ሆኖ ክሩን ምራቅ በምራቅ የማደርገውን።

«አያ፣ እጅህስ?» አልኩት።

እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው። «ዛሬ ተሽሎት ነው» አለ።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። በግራ አውራ ጣት አልት የሚባለውን ቁልፍ ተጭነሽ፣ በሌላ ጣት ታብ የሚባለውን ነካ ታደርጊያለሽ። ፊትሽ ያለው ገጽ ይሄዳል፤ ከሱ በፊት የነበርሽበት ይመጣል። ደግመሽ ስትነኪ ያኛው ተመልሶ ይመጣል። ይኸው ነው። ግን አልትን ተጭነሽ ከቆየሽ የተከፈቱት ገጾች ሁሉ ትንንሽ ሆነው ስክሪኑ ላይ ይሰለፋሉ። ኮምፒውተሮቻችን በዐረብኛ የተሠሩ ስለሆኑ ሰልፉ የሚጀምረው ከቀኝ ነው። የኔ ዓይን ከግራ ይነሣል። ፊተኛውን ስፈልግ ኋለኛው ላይ እወድቃለሁ፤ የነጋዴ ደረሰኝ ብዬ የከፈትኩት የሠርግ ጥሪ ሆኖ ይወጣል። በታብ ፈንታ ሺፍትን ስነካ ደግሞ ቋንቋው ይለወጥና በአማርኛ የጀመርኩት አቤቱታ ከመሀሉ ዐረብኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ።

«አትያዥው!» ይለኛል። ከፍ ባለ ድምፅ የሚናገረው ይችን ብቻ ነው። «ይዘሽው አትቆዪ። ነክተሽ ልቀቂ።»

«ሰልፉን ሳላይ የቱ እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

«አሁን ከመጣሽበት በፊት የት እንደነበርሽ ታውቂ የለ? እሱ ነው የሚመጣው።»

«ከረሳሁስ?»

«እንግዲያው ሰሊጡን አስቀድሚ።»

ሰሊጡ ማለት የገዳሪፍ የሰሊጥ ዋጋ የተጻፈበት ገጽ ነው። አያ ጌጡ ይህን ገጽ ዘግቶት አያውቅም። ሥርዓቱም ይህ ነበር፦ የማንንም ሰው ጉዳይ ከመክፈትሽ በፊት መጀመሪያ ሰሊጡ ላይ ግቢ፤ ከሰሊጡ ወደ ሰውየው ጉዳይ እለፊ። እንዲህ ካደረግሽ ባስፈለገ ሰዓት አንድ ጊዜ ነካ ስታደርጊ የሚመጣው ሰሊጥ ነው። «ለምን?» ስለው «ሥርዓት ነው» ይለኛል። መልስ ነው ይሄ?

በዚህ ምክንያት የገበያው ነጋዴ አያ ጌጡን ስውር የሰሊጥ ነጋዴ አድርጎት ነበር። አንዱ ሱዳናዊ ነጋዴ ሳይታሰብ ከኋላው ገብቶ ስክሪኑን አየና «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ ያምናው ዋጋ ነው!» አለው።

«ያምናውን ሳልጨርስ ወደ ዘንድሮው አልገባም» አለ አያ ጌጡ ዞር ሳይል።

ሰውየው አገጩን እያሻሸ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሎች ነጋዴዎችም ያምናን ዋጋ እየፈለጉ ማጥናት መጀመራቸውን ሰማሁ።

አደይ ለተን ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። ከቱነይድባ የምትመጣ የትግራይ እናት ናት። አያ ጌጡ አቤቱታዋን እየጻፈላት ነበር፤ እዚያ አገራችን ውስጥ በነበረው ጦርነት ቤቷን እነማን እንዳቃጠሉባት፣ ልጇ የት እንደወደቀ። ከየት የመጡ ሰዎች እንደሆኑ ስማቸውን ትጠራለች። አያ ታከለም አቤቱታ አለው። በዚያው ጦርነት ወንድሙን እነማን እንደወሰዱበት። እሱም ከየት የመጡ ሰዎች እንደሆኑ ስማቸውን ይጠራል። ሁለቱን ወረቀት ያነበበ ሰው፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ብሎ አያስብም። እኔ አንብቤያቸዋለሁ።

አንድ ቀን አደይ ለተ በሹክሹክታ እየነገረችው፣ እሱ እየጻፈ፣ አያ ታከለ በሩን አልፎ ገባ። አማርኛ ያነባል፤ ቀስ ብሎ ቢሆንም ያነባል። ስክሪኑ ደግሞ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ቀና ስል ስክሪኑ ላይ የሰሊጥ ዋጋ ነው። የአያ ጌጡ ጣት ሲንቀሳቀስ እንኳ አላየሁም።

«ዛሬም ሰሊጥ?» አለ አያ ታከለ፣ እየሳቀ። ከዚያ አደይ ለተ አጠገብ ተቀመጠ። «ዝናቡ እናንተ ጋ እንዴት ነው፣ እናቴ?»

«ዘኒቡ፣ ዘንቧል። ጭቃው ግን መከራ ነው፣ ወደይ፣ ልጄ» አለችው።

ውኃ አቀበለችው። እሱ ወጣ ሲል እሷ ትናገራለች፤ ሌላ ሰው ሲገባ ሰሊጡ ይመጣል፤ እሷ ወረቀት ልትገዛ ስትነሣ የአያ ታከለ አቤቱታ ይከፈታል። ከሰዓቱ በዚህ አለፈ። ሁለቱም ወረቀታቸው ታተመላቸው፤ አጣጥፈው በየፌስታላቸው አስገቡ፤ ሻይ እስከሚሸጥበት ዳስ፣ እስከ ራኩባው ድረስ አብረው ሄዱ። እሷ ጭቃው ውስጥ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዟት ነበር።

«አያ፣ እነዚህ ሰዎች ቢያውቁ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ምኑን?» አለ።

«አውቀህ አይደል እንዴ ገጹን የለወጥከው?»

«እጄ ነው። ሳላዝዘው ይነካል።»

ይህን ሰው ምን ልበለው? ስለ ሃይማኖቱም ያው ነው። የእኛ ሰው ያውቀዋል፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ የሚለየው ሥጋ ሲቀርብ ነው፤ ማን እንዳረደው ይጠየቃላ። አያ ጌጡ በፋሲካ እኛ ቤት ይመጣል፣ በዒድ ሐጂ ቤት ይሄዳል። በሁለቱም ቤት ሥጋ ሲቀርብ «ሐኪም ከልክሎኛል» ብሎ ፉል ያስመጣል። ሁዳዴን ይጾማል። በረመዳንም ቀን ውኃ እንኳ አይቀምስም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆሞ ይታያል። ዓርብ ከመስጊዱ በር ወዲህ፣ ጥላው ላይ ተቀምጦ ይታያል። አንዱ «ወላሂ» ሌላው «በማርያም» ሲል እሱ የሚምለው በእናቱ ነው። ስሙም አያግዝም፤ ጌጡ የሚባል እስላምም ክርስቲያንም አውቃለሁ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«አያ፣ አንተ ግን ምንድን ነህ?»

«ጸሐፊ።»

«እሱን አላልኩህም።»

«ማን ጠይቂ ብሎሽ ነው?»

«ማንም አላለኝ። ለራሴ ነው።»

«ለራስሽ ከሆነ ምን ያደርግልሻል?»

ተናደድኩ። ቀኑን ሙሉ አላነጋገርኩትም። አመሻሽ ላይ ከራኩባው ሻይ ገዝቶ መጥቶ ፊቴ አስቀመጠልኝ። ስኳሩን ራሱ አማስሎ አሟሙቶት ነበር።

ከሪፉ፣ የሱዳን ክረምት፣ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ወባ ጣለው። የሚኖረው ከመክተባው በስተኋላ ባለችው ክፍል ነው። ሐጂ ሐኪም አመጣለት፣ ራስጌው ተቀምጦ ቁርኣን ቀራለት። አያ ታከለ ጠበል ይዞለት መጣ። ለሁለቱም አንገቱን ነቀነቀ። እኔን የገረመኝ ግራ እጁ ነው። ሰው በገባ ቁጥር ብርድ ልብሱ ላይ አውራ ጣቱን ይጫንና በሌላው ጣቱ ነካ አድርጎ ይለቃል። ትኩሳቱ ነው አልን። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ማለዳ፣ አረፈ።

እንግዲህ ወደ በሩ ልመልሳችሁ፤ ቃሬዛውና ሳጥኑ ወደሚጠብቁበት።

ሐጂ ረመዳኑን አነሣ። አያ ታከለ ሁዳዴውን አነሣ። ሐጂ የዓርቡን ጥላ፣ አያ ታከለ የእሑዱን ዛፍ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው፤ ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ሊያጥቡት የገቡት ሰዎች ወጥተው «ተገርዟል፤ በዚያ በኩልስ ሁላችንም አንድ ነን» አሉ። ያን ጊዜ አንዱ ተመልሶ ገብቶ ሻሉን ፈታለት። አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አለ።

«ይኸው ማተቡ!» አለ አያ ታከለ፣ እንባው እየመጣ።

ክሩን ስበው ሲያወጡት ግን ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው መስቀል አይደለም፤ የኮምፒውተር ፍላሽ ነው።

«ታከለ ወንድሜ» አለ ሐጂ በቀስታ፣ «ማተቡ ላይ ፍላሽ የሚያስር ክርስቲያን አይተህ ታውቃለህ?»

«ፍላሽ አንገቱ ላይ የሚያስር እስላምስ አይተህ ታውቃለህ?»

ሙቀቱ አይጠብቅም፤ ከምሥራቅ በኩል ደግሞ ደመናው ጠቁሯል።

«ከወገኑ ውጭ ከቀበርነው በወዲያኛው ዓለም ማን አቤት ይለዋል?» አለ አያ ታከለ።

«የኔም ጭንቀት እሱ ነው» አለ ሐጂ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ብርቄ፣ ኮምፒውተሩን ክፈችው። ጸሐፊ አይደል? ስለ ራሱ የጻፈው አይጠፋም።»

ሁሉም ደስ አለው። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ ሊጠራልኝ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው ከኋላዬ ግጥም አለ። አያ ታከለ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። አደይ ለተ መርዶ ሰምታ ከቱነይድባ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ኮምፒውተሩን አያ ጌጡ ከታመመ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም። አንድ ቁልፍ ነካሁ።

ስክሪኑ በራ። የመጣው የአደይ ለተ አቤቱታ ነው። አዲስ የጨመረችበት ሳይሆን አይቀርም። በትልቁ የመንደሩ ስም፣ ከሥሩ ቤቷን ያቃጠሉባት ሰዎች አገር።

አያ ታከለ ማንበብ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። የመጀመሪያውን ቃል ጆሮዬ ሥር ሰማሁት።

አውራ ጣቴ አልት ላይ ነበር። ነክቼ ለቀቅሁ።

የሰሊጥ ዋጋ።

«ምንድን ነው የሄደው?» አለ አያ ታከለ።

«የሰሊጥ ዋጋ ነው» አለ ሐጂ፣ መነጽሩን እያስተካከለ።

«ያምናው ነው» አለ ከኋላ የቆመ አንድ ነጋዴ፣ በሐዘን።

«የቅድሙን መልሽው እስቲ። ሌሎቹንም አሳይን» አለ አያ ታከለ። ሐጂ ደግሞ ቁልፉን አውጥቶ መሳቢያውን ከፈተና ማውሱን ሰካው። «በዚህ ይቀልሻል፣ ልጄ። ከታች የተደረደሩትን አንድ በአንድ ክፈቻቸው።»

ማውሱን ያዝኩት። ቀስቷን ወደ ታች ስወስዳት ሁሉም ዓይን ከቀስቷ ጋር ወረደ። ያን ጊዜ ገባኝ። በማውስ የሚሠራ ሰው ገጽ ለመለወጥ ቀስቷን ይዞ መሄድ አለበት፤ እሱ እስኪደርስ ከኋላ የቆመው አንብቦ ይጨርሳል። የሚንቀጠቀጥ እጅ አልነበረም። «ከአንተ እየደበቅሁ ነው» ከማለት «እጄ ነው» ማለት መርጦ፣ ማንም ተጠረጠርኩ እንዳይል አድርጎ ነው የኖረው። እዚያ ገጾች ውስጥ አደይ ለተ አለች፣ አያ ታከለ አለ፣ ሐጂም ለቤተሰቡ ያልነገረው የሕመም ወረቀት አለው። እዚህ ቤት ከቆመው ሰው የሌለበት የለም። እጄ ተንቀጠቀጠ። የኔው በእውነት ተንቀጠቀጠ።

ማውሱን ለቀቅሁና ስክሪኑን በኪቦርዱ ቆለፍኩት። ጥቁር ሆነ።

«ምነው?» አሉ ሁለቱም።

«እዚህ ውስጥ የሱ የለም» አልኩ። «ያለው የናንተ ነው።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ አያ ታከለ ፊቱ ተለወጠ፤ የራሱ ወረቀት ትዝ አለው። ማን አጠገብ ተቀምጦ እንዳስጻፈውም ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ዞሮ አደይ ለተን አየ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ሐጂ ማውሱን ነቀለና መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ቁልፉን ሲያዞር ተሰማ።

ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። የገዳሪፍን ጥቁር አፈር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዝናብ ሲነካው ሰው ይውጣል። ዝናቡ ሲያባራ ቆፋሪዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጨቅይተው መጡ። የክርስቲያኑ መቃብር ረባዳ ቦታ ነው፤ ጉድጓዱ በውኃ ሞልቷል። የእስላሙ ጉብታ ላይ ነው፤ ደረቅ ነው።

አያ ታከለ የቆፋሪዎቹን ጭቃ እግር አየ። «ጌጡን ውኃ ውስጥ አላስተኛውም» አለ በመጨረሻ። «ሐጂ፣ ውሰደው።»

ሐጂ አቅፎት አለቀሰ። በቃሬዛው ወሰድነው። ሐጂና ሰዎቹ ሰግደውበት ወደ አፈሩ ሲያወርዱት አያ ታከለ ከነለቀስተኛው ከቅጥሩ ውጭ፣ አንድ ዛፍ ሥር ቆመ። አያ ጌጡ እሑድ እሑድ እንደሚቆመው።

ያኛው ጉድጓድ ግን ቀረ። የእኛ ሰው የተቆፈረ መቃብር ባዶውን መድፈን ይፈራል፤ ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። በማግስቱ አያ ታከለ ሐጂ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ። «ክሩን ስጠኝ።» ሐጂ ከኪሱ አወጣው። ፍላሹን ሊፈታ ጀመረና እኔን አየኝ። የምንጽፈው ሁሉ ቅጂ እዚያ ላይ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። «አብሮ ይሂድ» አልኩት። አደይ ለተ በሻሉ ጠቀለለችው። ውኃው ተቀድቶ፣ ጭቃው ውስጥ አያ ታከለ ራሱ ወርዶ አስቀመጠው። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። አፈሩን ሲመልስ አደይ ለተ አካፋውን ተቀብላ አገዘችው።

መተማ እህት አለችው ይባል ነበር። አያ ታከለ በነጋዴዎች መልእክት ልኮ ነበር፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለሰነበተ መልስ የመጣው ለቅሶው ሲበተን ነው። ሐጂና አያ ታከለ መክተባው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ስልኬ ጮኸ። የሴት ድምፅ፣ እያለቀሰች። «የጌጡ እህት ነኝ።»

ሁለቱም ተነሡ። «ስፒከር አድርጊው!» አለ ሐጂ።

አላደረግሁትም።

«ወንድሜን የት አሳረፋችሁት?» አለችኝ።

«ጉብታ ላይ ነው፣ እታለም። ውኃ አይደርስበትም።»

«የቀበረው ሰው ነበር?»

«ያልቀበረው የለም። ገዳሪፍ ሁሉ ነው የቀበረው።»

ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ጥያቄዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት። በዚህ ዓለም ላይ ይህን ነገር ጥርት አድርጋ የምትነግረኝ ሴት መስመሩ ላይ አለች፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አፍ አፌን ያዩኛል። አንዱ የሚያርፍበት፣ አንዱ የሚሰበርበት ቃል ነው። እኔም እኮ ሰው ነኝ፤ ማወቅ እፈልግ ነበር። በጣም እፈልግ ነበር።

«እግዜር ያጽናሽ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።

«እህስ?» አለ ሐጂ።

«ምን አለችሽ?» አለ አያ ታከለ። «ነገረችሽ?»

ግራ እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«የሰሊጥ ዋጋ ጠየቀችኝ» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። አያ ታከለ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ሐጂ መነጽሩን አወለቀ፤ ከንፈሩ ለሳቅ ተንቀሳቀሰ፤ ጌጡ ከሞተ ጀምሮ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

«የዘንድሮውን ነው ያምናውን?» አለኝ።